የመዝገቡ ቁልፍ በማን እጅ ይሁን?

በይፋት ቆላ ለሚነግዱ ቤቶች ስለ ዳታቤዝ ፈቃድ አሰጣጥ የቀረበ ማብራሪያ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን አልፎ፥ የጣርማ በርን ዋሻ ተሻግሮ፥ በደብረ ሲና ቁልቁለት ብርዱን ወደ ኋላው እየተወ ሲወርድ፥ ከዋና ከተማው 225 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከሸዋ ሮቢት ይደርሳል። ይህች ከተማ የቀወት ወረዳና የአካባቢው ቆላ የንግድ ማዕከል ናት። ማሾው፥ ማሽላው፥ ጤፉና ቀይ ሽንኩርቱ ከገበሬው እጅ ወጥቶ በጭነት መኪና የሚጫነው በዚችው ከተማ ነው። ከዚያም በሰሜን በኩል የሰንበቴ ገበያ በየእሑዱ ሲቆም አማራው፥ ኦሮሞው፥ አርጎባውና አፋሩ የየምርቱን ይዞ ይገናኛል። የይፋት ንግድ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ከዘይላ ወደብ ወደ መሐል አገር የሚወጣው የሲራራ ነጋዴ መንገድ በመካከለኛው ዘመን በይፋት በኩል ያልፍ ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዓመትም ከአንኮበር በታች ያለው አልዩ አምባ የታወቀ ገበያ እንደ ነበረ የታሪክ ጸሐፊዎች መስክረውለታል።

በዚህ ንግድ ውስጥ ከገንዘብ የሚቀድመው እምነት ነው። ገበሬው ምርቱን በነጋዴው ሚዛን ላይ ያስመዝናል፤ ቁጥሩ የተጻፈበትን ቁራጭ ወረቀት ይዞ ይሄዳል፤ ሒሳቡንም አንዳንድ ጊዜ ከቀናት በኋላ ተመልሶ ይቀበላል። እንግዲህ ያ ወረቀትና በነጋዴው ቤት ያለው መዝገብ አንድ ቃል የማይናገሩ ከሆነ፥ ከገንዘቡ ጋራ በብዙ ዓመት የተገነባው ስም አብሮ ይጎዳል።

መዝገቡ ቀድሞ በወፍራም ደብተር ይያዝ ነበር። የጸሐፊው የእጅ ጽሕፈት ይታወቃል፤ ስርዝ ድልዝ ቢኖርበት ዓይን ያየዋል፤ ማታም ደብተሩ በሣጥን ተቆልፎ ቁልፉ ከባለንብረቱ ዘንድ ያድራል። ዛሬ ግን መዝገቡ በኮምፒዩተር ውስጥ፥ ዳታቤዝ ወይም የመረጃ ቋት በሚባለው ማኅደር መቀመጥ ጀምሯል። በኮምፒዩተር የተጻፈ አኃዝ የእጅ ጽሕፈት የለውም። 12 ኩንታል የነበረው 10 ተብሎ ቢለወጥ ወረቀቱ አይቆሽሽም፤ ቀለሙም አይለይም። ስለዚህ በደብተሩ ዘመን ዓይንና ቁልፍ ይሠሩት የነበረውን ጥበቃ ዛሬ የሚሠራው የፈቃድ አሰጣጥ ሥርዓት ነው። ይኸውም ማን የትኛውን መዝገብ እንዲያነብ፥ ማን እንዲጽፍ፥ ማንስ እንዲያርም አስቀድሞ መወሰን ማለት ነው።

አንድ ስም ለሁሉ ሲሆን

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ያህል፥ አንድ የማሾ ነጋዴ አራት ሠራተኞች አሉት ይባል፤ እነርሱም መዛኝ፥ ገንዘብ ያዥ፥ የግምጃ ቤት ሹምና ሒሳብ ሹም ናቸው። ኮምፒዩተሩን ያዘጋጀላቸው ባለሙያ፥ ሥራው እንዲቀል ብሎ፥ አንድ የተጠቃሚ ስምና አንድ የይለፍ ቃል ለሁሉም ሰጥቶ ሄዷል። የይለፍ ቃሉም እንዳይረሳ በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ከኮምፒዩተሩ ጐን ተለጥፏል። አንድ ቀን አንድ ገበሬ 12 ኩንታል የሚል ወረቀት ይዞ ሲመጣ፥ መዝገቡ 10 ኩንታል ይላል። ባለንብረቱ ወጣቱን መዛኝ ይጠራዋል።

«ልጄ፥ ይህን ቁጥር ማን ነካው?»

«ጋሼ፥ ሁላችንም የምንገባው በአንድ ስም ነው። እኔ አልነካሁም ብል ማን ይመሰክርልኛል?»

ልጁ እውነቱን ነው። በመዝገቡ ላይ የሚታየው ስም የሁሉም ስለ ሆነ፥ የማንም አይደለም። ሐሰተኛውን ለመያዝ አለመቻሉ አንድ ጉዳት ነው፤ ንጹሑን ከጥርጣሬ ለማዳን አለመቻሉ ግን ከዚያ የባሰ ጉዳት ነው። ነጋዴው ሁለቱን ኩንታል ከኪሱ ከፍሎ ገበሬውን ሊሸኘው ይችላል፤ በቤቱ ውስጥ የሚቀረው ጥርጣሬ ግን በገንዘብ አይከፈልም። «ሰው ማመን ቀብሮ ነው» የሚለው አባባል የሚነሣውም እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። አንዳንድ ባለንብረቶች ለየሠራተኛው የተወሰነ ፈቃድ መስጠትን እንደ ስድብ ስለሚቆጥሩት፥ ሠራተኞቻቸውን ላለማስቀየም ሲሉ ሁሉን ክፍት ይተዉታል። ነገር ግን ወሰን ያለው ፈቃድ ለታመነ ሠራተኛ ምስክር ይሆንለታል፤ ያልነካውን ነገር አለመንካቱን መዝገቡ ራሱ ይናገርለታልና።

አንድ ሰው ሁለት ቁልፍ ሲይዝ የሚመጣውን ጥፋት ከሩቅ አገር ታሪክ መማር ይቻላል። በ1762 በአውሮፓ አቆጣጠር በለንደን የተቋቋመው ባሪንግስ ባንክ በ1995 የወደቀው፥ በሲንጋፖር ቅርንጫፉ ኒክ ሊሰን የተባለው ሠራተኛ ግዢና ሽያጭ ከማድረጉ በላይ የራሱን ሥራ ሒሳብ የማጣራቱን ኃላፊነት ጨምሮ በመያዙ ነው። ኪሳራውን በአንድ የስሕተት ማስተካከያ ሒሳብ ውስጥ ሲደብቅ ቆይቶ፥ ጉዳቱ 827 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ፤ ያ ታላቅ ባንክም በአንድ ፓውንድ ለሌላ ተሸጠ።

የዚህን ተቃራኒ፥ ማለትም የእያንዳንዱ ሥራ በስም መመዝገብ ያለውን ጥቅም፥ በአገራችን የሆነ ነገር ያሳያል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒዩተር ሥርዓት ላይ በደረሰው ችግር አንዳንድ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ አውጥተው ነበር። ባንኩ ነገሩ የውጭ ጥቃት አለመሆኑን አስታወቀ፤ እንቅስቃሴው ሁሉ በየባለሒሳቡ ስም ተመዝግቦ ስለ ነበረም ገንዘቡን የወሰዱትን በስም ለይቶ አብዛኛውን ለማስመለስ ችሏል።

መሣሪያውና መዝገቡ የተለያዩ ናቸው

በዚህ ረገድ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። ዳታቤዙ ራሱ ሌላ፥ ዳታቤዙን ለማስተዳደር የሚያገለግለው መሣሪያ ሌላ ነው። በብዙ አነስተኛ ድርጅቶች ከሚሠራባቸው ዳታቤዞች አንዱ በ1995 በአውሮፓ አቆጣጠር የወጣው ማይኤስኪውኤል ነው። ይህን ዳታቤዝ በመስኮት ከፍቶ ለማየት፥ ሠንጠረዦቹንም ለማረም የሚያስችለው ፒኤችፒማይአድሚን የሚባለው መሣሪያ ደግሞ በ1998 ተጀመረ።

ፒኤችፒማይአድሚን የራሱ የሆነ የሥልጣን መዝገብ የለውም ማለት ይቻላል። በእርሱ በኩል የሚገባ ሰው ምን ለማድረግ እንደሚችል የሚወስነው ማይኤስኪውኤል ነው። መሣሪያው በር ነው፤ ዘበኛው ግን በውስጥ ነው። ስለዚህ አንድ ነጋዴ መሣሪያውን ከኮምፒዩተሩ ገጽ አስወግዶ «ዘጋሁት» ቢል፥ ያው የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ያለው ሰው በሌላ መሣሪያ ሊገባ ይችላል። ፈቃዱ መስተካከል ያለበት በዳታቤዙ ውስጥ ነው፤ መሣሪያው «የተጠቃሚ ሒሳቦች» በሚለው ገጹ የሚያደርገውም ይህንኑ ለማመቻቸት ነው።

በማይኤስኪውኤል ውስጥ ሁሉን የሚችለው ተጠቃሚ «ሩት» ይባላል፤ ትርጉሙም ሥር ማለት ነው። ሩት ሠንጠረዥ ይፈጥራል፥ ይሰርዛል፥ ለሌላውም ሥልጣን ይሰጣል። ለልምምድ የተዘጋጀውና ዛምፕ የሚባለው የፕሮግራም ጥቅል ሲተከል፥ ሩት ያለ ምንም የይለፍ ቃል ይመጣል። ይህ ለተማሪ ምቹ ነው፤ ለንግድ ቤት ግን መጋዘኑን ያለ መዝጊያ እንደ መተው ነው። የመጀመሪያው ሥራ ለሩት ጠንካራ የይለፍ ቃል ማድረግ፥ ከዚያም በኋላ ለዕለት ሥራ በፍጹም አለመጠቀም ነው። ሠራተኞቹ የሚገለገሉበት የሽያጭ ወይም የመጋዘን ፕሮግራም ካለም፥ ያ ፕሮግራም ወደ ዳታቤዙ የሚገባው በሩት ስም አለመሆኑን ባለሙያውን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ፈቃድ በደረጃና በልክ

በዳታቤዝ ውስጥ ሥልጣንን በትእዛዝ መስጠትና መንሣት አዲስ ነገር አይደለም። ፓትሪሺያ ግሪፊትስና ብራድፎርድ ዌድ የተባሉ የአይቢኤም ተመራማሪዎች ስለዚሁ ሥርዓት በ1976 በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈዋል። ከዚያም አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፥ በ1975፥ ሶልትዘርና ሽሮደር የተባሉ ሊቃውንት ማናቸውም ተጠቃሚ ሥራውን ለመፈጸም ከሚያስፈልገው በላይ ሥልጣን እንዳይሰጠው የሚለውን መርሕ ከሌሎች የጥበቃ መርሖች ጋራ አብራርተው አቀረቡት። ለመስጠት «ግራንት»፥ ለመንሣት «ሪቮክ» የሚባሉት ሁለት ትእዛዞች ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው።

ፈቃዱ በስፋቱ በአራት ደረጃ ይከፈላል። የመጀመሪያው በዳታቤዞች ሁሉ ላይ የሚሠራ ነው፤ ሁለተኛው በአንድ ዳታቤዝ፥ ሦስተኛው በአንድ ሠንጠረዥ፥ አራተኛው በሠንጠረዡ ውስጥ ባለ አንድ ዓምድ ላይ የተወሰነ ነው። በአድራጎቱም ማንበብ፥ አዲስ መስመር መጨመር፥ የነበረውን መለወጥና መሰረዝ እየተለዩ ይሰጣሉ። ከዚህም በላይ ማይኤስኪውኤል ተጠቃሚውን የሚያውቀው በስሙና በሚመጣበት ኮምፒዩተር ነው፤ ስለዚህ መዛኙ ከሚዛኑ ክፍል ኮምፒዩተር ብቻ እንዲገባ፥ ከሌላ ቦታ ግን እንዳይገባ ማድረግ ይቻላል።

በቀድሞው የአገራችን አስተዳደር ግምጃ ቤቱን በጅሮንዱ ሲጠብቅ፥ ማኅተሙን ጸሐፊ ትእዛዙ ይይዝ ነበር። ገንዘብ የሚይዘውና የሚያዝዘው እጅ የተለያየ መሆኑ የመንግሥትን ሥራ እንደሚጠብቅ ሁሉ፥ የንግድ ቤትንም ሥራ ይጠብቃል። ከላይ በምሳሌ የተጠቀሰው ነጋዴ ፈቃዱን እንደሚከተለው ሊያከፋፍል ይችላል።

መዛኙ በምርት መረከቢያው ሠንጠረዥ ላይ አዲስ መስመር ይጨምራል፥ የጨመረውንም ያነባል፤ የክፍያውን ሠንጠረዥ ግን አያይም። ገንዘብ ያዡ መረከቢያውን ያነባል፥ በክፍያው ሠንጠረዥ ላይ ይጽፋል፤ የተመዘነውን ቁጥር ግን መለወጥ አይችልም። የግምጃ ቤት ሹሙ የገባውንና የወጣውን ኩንታል ይመዘግባል፤ የገበሬው ስልክና የባንክ ሒሳብ ቁጥር ያለባቸው ዓምዶች ግን ለእርሱ አይከፈቱም። ሒሳብ ሹሙ ሁሉን ያነባል፥ ማስተካከያም በተለየ ሠንጠረዥ ይጽፋል። ባለንብረቱም ቢሆን ለየዕለቱ ቁጥጥር ማንበብ ብቻ በሚፈቅድ ስም ቢገባ የተሻለ ነው፤ በችኮላ የተነካ ቁልፍ ባለንብረት ስለ ሆኑ ጉዳቱን አይቀንስምና።

አንባቢ እንደሚያስተውለው፥ በዚህ አከፋፈል ውስጥ የመለወጥና የመሰረዝ ፈቃድ የተሰጠው ለዕለት ሥራ ለተቀመጠ ሰው አይደለም። ይህ የቀድሞው የመዝገብ አያያዝ ደንብ ነው። ስርዝ ድልዝ ያለበት ደብተር እንደማይታመን ሁሉ፥ የተሰረዘ መስመርም እምነት አይሰጥም። መዛኙ 12 ለማለት 10 ጽፎ ቢገኝ፥ የቀድሞው መስመር እንዳለ ይቀራል፤ ሒሳብ ሹሙ «የ2 ኩንታል ጭማሪ፥ በአጻጻፍ ስሕተት» የሚል አዲስ መስመር ከነምክንያቱ ይጽፍበታል። በዚህም ስሕተቱም እርማቱም ለሚመረምር ሰው ግልጥ ይሆናሉ።

ይሁን እንጂ ስም ለየብቻ መስጠት ብቻውን አይበቃም። ዳታቤዙ ማን በየትኛው ሰዓት እንደ ጻፈ በየመስመሩ ላይ በራሱ አያኖርም። ስለዚህ መስመር በተጨመረ ቁጥር የጸሐፊውን ስምና ሰዓቱን የሚያሳርፍ፥ «ትሪገር» የሚባል አሠራር በየሠንጠረዡ ላይ እንዲደረግ ባለሙያውን ማዘዝ ይገባል። ያን ጊዜ የጠፋው የእጅ ጽሕፈት በሌላ መልክ ይመለሳል።

የሠራተኞች ቁጥር በበዛበት ቤት ደግሞ ፈቃዱን ለሰው ከመስጠት ይልቅ ለሥራ መደብ መስጠት ይቀላል። ይህም «ሚና» ይባላል፤ በማይኤስኪውኤል ውስጥ የገባው በ2018 በአውሮፓ አቆጣጠር በወጣው 8.0 እትም ነው። «መዛኝ» የሚባል ሚና አንድ ጊዜ ከተዘጋጀ፥ አዲስ መዛኝ ሲቀጠር ሚናው ለስሙ ይሰጠዋል፤ ወደ ሌላ ሥራ ሲዛወርም ይነሣለታል።

የሰጡትን መልሶ ስለ መውሰድ

መስጠት ቀላል ነው፤ ብዙ ቤቶች የሚሳሳቱት በመውሰዱ ላይ ነው። ሠራተኛ ሥራውን ሲለቅ የመጋዘኑን ቁልፍ አስረክቦ ይሄዳል፤ የይለፍ ቃሉን ግን የሚያስረክብበት እጅ የለም፥ በልቡ ይዞት ይሄዳልና። ስለዚህ በተሰናበተበት ዕለት ስሙ መቈለፍ አለበት። ስሙን ፈጽሞ ከማጥፋት መቈለፉ ይመረጣል፤ በዚያ ስም የተጻፉት የቀድሞ መስመሮች የማን እንደ ነበሩ ለመመርመር ይረዳልና። የሒሳብ ባለሙያ ለዓመቱ መዝጊያ ጥቂት ሳምንት ብቻ የሚሠራ ከሆነም ስሙ የሚከፈተው ለዚያ ጊዜ ሆኖ፥ ሲጨርስ ይዘጋል።

በተለይ ሊጠነቀቁት የሚገባ አንድ ፈቃድ አለ። እርሱም የተሰጠውን ሥልጣን ለሌላው የማካፈል ፈቃድ ነው። ይህ ወኪል ሌላ ወኪል እንዲሾም እንደ መፍቀድ ነው። በማይኤስኪውኤል የሰጪው ሥልጣን በተነሣ ጊዜ እርሱ ለሌሎች ያካፈለው አብሮ አይነሣም፤ የእያንዳንዱ ተቀባይ ሥልጣን ለየብቻው መነሣት አለበት። እንግዲህ የተሰናበተው ሰው ስም ቢዘጋም፥ እርሱ የከፈተው ሌላ ስም ክፍት ሆኖ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ በየሦስት ወሩ የተጠቃሚዎችን ዝርዝር አውጥቶ ከደመወዝ መክፈያው ዝርዝር ጋራ ማመሳከር ብልህነት ነው። በደመወዝ መክፈያው ላይ የሌለ ስም በዳታቤዙ ውስጥ ካለ፥ ምክንያቱ ይጠየቅ።

ቁልፉ በአንድ ሰው ብቻ ሲሆን

ሥልጣንን ማጥበቅ የራሱ አደጋ አለው፤ የይፋት ሰው ደግሞ ይህን ያውቃል። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ በቃጠሎ ተጎድታለች። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜም ብዙ ነዋሪ ቤቱንና ሱቁን ትቶ ወጥቷል። በእንዲህ ያለ ቀን የመዝገቡ ሙሉ ሥልጣን በአንድ ሰው ልብ ብቻ ካለ፥ ያ ሰው በወጣበት አቅጣጫ መዝገቡም አብሮት ይጠፋል። የገበሬው ቁራጭ ወረቀት በኪሱ ቢተርፍ እንኳ፥ የሚመሳከርበት መዝገብ ከሌለ ማን ለማን ዕዳ እንዳለበት መተማመን ያስቸግራል።

ስለዚህ የሩት የይለፍ ቃል በፖስታ ታሽጎ፥ ባለንብረቱ በሚያምነው ሁለተኛ ሰው ዘንድ፥ ቢቻል በሌላ ከተማ፥ በአደራ ይቀመጥ። ፖስታው የተከፈተ እንደ ሆነ የይለፍ ቃሉ በዚያው ቀን ይለወጥ። የመዝገቡም ግልባጭ በየጊዜው እየተወሰደ ከከተማው ውጭ ይቀመጥ፤ ለመገልበጡ ሥራ የሚሰጠው ስምም የሚያነብ እንጂ የሚጽፍ አይሁን። ግልባጩ ራሱ መላውን መዝገብ የያዘ ስለ ሆነ፥ በይለፍ ቃል ሳይቈለፍ በማንም ኪስ መዞር የለበትም።

ሕጉ ምን ይላል?

ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አዝዞ ነበር፤ ነጋዴን የሚመለከተው ክፍሉ በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ቢተካም ግዴታው አልቀረም። ስለ ግል መረጃ ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን የግል መረጃ የሚይዝ ሁሉ በጥንቃቄ እንዲይዘው ኃላፊነት ይጥላል። የገበሬው ስም፥ ስልክና የባንክ ቁጥር ከዚህ ውጭ አይደሉም።

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ፥ ወይም ከተሰጠው ፈቃድ በላይ፥ ወደ ኮምፒዩተር መረጃ መግባትን ወንጀል ያደርገዋል። ነጋዴው ሊያስተውለው የሚገባው «ከተሰጠው ፈቃድ በላይ» የሚለውን ቃል ነው። ለሠራተኞቹ ሁሉ ሁሉን ከፍቶ የሰጠ ባለንብረት፥ አንዱ ሠራተኛ ወሰኑን አለፈ ብሎ ሲከስ፥ ወሰኑ የት እንደ ነበር ሲጠየቅ መልስ ለማግኘት ይቸገራል። በጽሑፍ የተሰጠ፥ በዳታቤዙም ውስጥ በልኩ የተከለለ ፈቃድ ግን የንግድ ቤቱንም የሠራተኛውንም መብት ያስጠብቃል።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ወጪ ጥቂት ነው። አንድ ባለሙያ በሥራው ላይ ቢቀመጥ፥ ባለንብረቱም ማን ምን እንደሚሠራ በአንድ ገጽ ወረቀት ጽፎ ቢሰጠው፥ አነስተኛ ቤት ከጥቂት ቀን በላይ አይፈጅበትም። ከሁሉ አስቀድሞ ከኮምፒዩተሩ ጐን የተለጠፈችው ቁራጭ ወረቀት ትነሣ፤ የይለፍ ቃሉም ይለወጥ፤ ለእያንዳንዱ ሠራተኛም የራሱ ስም ይሰጠው። ጅብ ከሄደ በኋላ የጮኸ ውሻ በረቱን አላዳነም፤ አባቶችም «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው። ያን ጊዜ ነጋዴው «ይህን ማን ነካው?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱን ከመዝገቡ ያገኛል፤ ወጣቱም መዛኝ ለንጽሕናው ምስክር ፍለጋ አይሄድም።